በመጥረጊያ እንጨት ርቀት

ሬሕማን በቅጡ ያወቅኋት ዚር ስታጥብ ነው። ዚር ካርቱም ውስጥ በየሰው ደጃፍ ጥላ ሥር የሚቆም፣ የጠማው መንገደኛ ሁሉ የሚጠጣበት ትልቅ የሸክላ ጋን ነው። እሷ ይህን የሚያክል ጋን መሬት ላይ አጋድማ፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ፣ በአፈር ታሸዋለች። አሽታ አሽታ አለቀለቀችውና ደፋችው። እንደገና ሞላች፣ አለቀለቀች፣ ደፋች። "አራት" አለች ለራሷ። ትንሽ ቆይታ "አምስት" አለች። እኔ በግቢዎቻችን መካከል ባለው ግንብ ላይ ክርኔን አስደግፌ እየተገረምኩ አያታለሁ። ሰባት ላይ ስትደርስ ቀና አለችና፣ "ምን ታፈጥብኛለህ ወንድሜ? ቡችላው አፉን ከቶበት ነው" አለችኝ። ቡችላው ከኋላዋ ተቀምጦ፣ ከአገጩ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ እሱም እንደኔው ያያታል።

ስሜ ወልደሥላሴ ነው፤ የወገራ ሰው ነኝ። ወታደር ነበርኩ፤ መንግሥት ሲገለበጥ በመተማ በኩል ሱዳን ገባሁና ማንሺያ በሚባል የካርቱም ሰፈር ውስጥ፣ ባለቤቱ ዱባይ የሚኖር የአንድ ባዶ ቪላ ገፊር፣ ማለትም ዘበኛ ሆንኩ። ባዶ ቤት የሚጠብቅ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ጎረቤት ላይ ነው። ስለዚህ በእኛ አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. መስቀል በዋለ በሳምንቱ ያ ቡችላ በባሽ ሙሐንዲስ አብዱልወሃብ በር ከገባበት ጊዜ ጀምሮ፣ እስከዚያች እስከማልረሳት ዓርብ ድረስ የሆነውን ሁሉ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ከሬሕማ በቀር ማለቴ ነው። እሷ ደግሞ ስለ ራሷ አታወራም፤ እንግዲህ እኔ ላውራላት።

ሱዳኖች መሐንዲስን አክብረው ሲጠሩ ባሽ ሙሐንዲስ፣ እመቤትን ደግሞ ሲት ይላሉ። አብዱልወሃብ ፖርት ሱዳን ወደብ ላይ ይሠራል፤ ቤቱ የሚመጣው በወር፣ አንዳንዴም በሁለት ወር አንዴ ነው። በዚያ ክረምት አንድ ዓርብ፣ ሰው ሁሉ መስጊድ ሳለ፣ ሌባ ገብቶ የጋዝ ሲሊንደሩን ተሸክሞ ሄዶበታል። ወዲያው ደግሞ መንገዱ ጫፍ ላይ ይኖር የነበረ አንድ ፈረንጅ በጥድፊያ አገር ሲለቅ የሁለት ወር ቡችላ ጥሎ ሄደ። የፖሊስ ውሻ ዘር ነው፣ ጆሮው ገና አልቆመም። ባሽ ሙሐንዲስ በካርቶን ይዞት መጣ፣ አንተር ብሎ ስም አወጣለት፣ ከዚያ ሚስቱን ሲት ሉጥፊያንና ሬሕማን ፊቱ አቁሞ ደነገገ።

"እስከ አረፋ ጊዜ አለው" አለ። "ለአረፋ ስመጣ እፈትነዋለሁ። ቤት የሚጠብቅ ውሻ ከሆነ ይቆያል። ካልሆነ ሶባ ይሄዳል፣ የአጎቴ ልጅ እርሻ ላይ ይታሰራል።"

ይህን ብሎ በማግስቱ ፖርት ሱዳን ገባ። ሲት ሉጥፊያ አስተማሪ ናት፤ "የሰው ልጅ ማስተማሩ ይበቃኛል" ብላ ትምህርት ቤቷ ሄደች። ቡችላውና ሬሕማ ግቢው ውስጥ ተፋጠው ቀሩ።

ሬሕማ የባቲ ልጅ ናት። በሰባ ሰባቱ ድርቅ በአሥራ ስምንት ዓመቷ ከአክስቷ ጋር ወጣች፤ ሐሳቧ ጅዳ ነበር፣ መንገዷ ግን ካርቱም ላይ አለቀ። አክስቷ ተመለሱ፣ እሷ ቀረች። አርካዊት ሰፈር ሁለት ሰው ቤት ተቀጥራ ሠርታ፣ ከዚያ ሲት ሉጥፊያ ዘንድ ገባች፤ ቡችላው ሲመጣ እዚያ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሞልቷት ነበር፤ የቤቱ ቁልፍ ሁሉ የሚንጠለጠለው በእሷ ወገብ ላይ ነው። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ምላሷም እንደ እጇ የማያርፍ ሴት ናት። አባቷ ባቲ ውስጥ ቁርአን የሚያስቀሩ፣ የሚያስተምሩ ሰው ነበሩ፤ ውሻ የላሰው ሰባት ጊዜ እንዲታጠብ፣ ከሰባቱም አንዱ በአፈር እንዲሆን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ከአምስቱ ሰላት አንዷን አሳልፋ አታውቅም። እንግዲህ ለእንደዚህ ያለች ሴት ነው፣ ያገኘውን ሁሉ የሚልስ ቡችላ የተሰጣት።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ዛሬ ሳስታውሳቸው ያስቁኛል፤ ያን ጊዜ ግን እሷን ሊያስለቅሷት ምንም አልቀራቸው። ለቀትሩ ለዙሁር ሰላት ታጥባ ውዱእ ታደርጋለች፣ አንተር እየፈነደቀ መጥቶ ባቷን ይልሳታል። ልብስ ትቀይራለች፣ እንደገና ትታጠባለች፣ መስገጃዋን ስታነጥፍ በሌላኛው ጫፍ ይዞ ይጎትታል። አንድ ቀን ገመዱ ላይ አምስት ቀሚስ ተሰጥቶ ቆጠርኩ፤ አምስቱም የአንድ ቀን ቀሚሶቿ ናቸው። በመጨረሻ አንድ አሮጌ አረንጓዴ ቀሚስ መረጠችና "የውሻ ቀሚስ" አለችው። ከአንተር ጋር ስትሆን እሱን ትለብሳለች፣ ሲያበቃ ከወጥ ቤቱ በር ኋላ ሚስማር ላይ ትሰቅለዋለች።

ቡችላውን ይህ አልበቃውም። የባሽ ሙሐንዲስን የእባብ ቆዳ ጫማ፣ ያንን ሱዳኖች በበዓል የሚኮሩበትን መርኩብ፣ የቀኙን ብቻ መርጦ በላ። ሲት ሉጥፊያ የምትከናነበውን ረጅሙን ቶብ ከገመድ አውርዶ ግቢውን በሙሉ እየጎተተ ዞረ። ሳሎን ምንጣፍ ላይ ሸናና ደስ ብሎት ሬሕማን ሊጠራት ሮጠ። ብቻውን ሲተዉት የሚያለቅሰው ልቅሶ ደግሞ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል፤ አንጀት ይበላል። "ኧረ ይህ አረፋ ዛሬ በሆነ" ትለኝ ነበር ሬሕማ። "ወላሂ ወልዴ፣ ሶባ ድረስ እኔው ራሴ በሃፍላ አደርሰዋለሁ።" ሃፍላ ሚኒባሱ ነው፤ እሷና አንተር ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲታዩኝ በሳቅ ሞትኩ።

የሰፈሩ መስጊድ ኢማም ሼኽ ኢሳ፣ ሽማግሌ ሱዳናዊ፣ አንድ ከሰዓት ከዚሩ ውሃ ሊጠጡ ቆመው ስትብሰለሰል አዩዋት።

"ልጄ፣ የማሊኪን የሕግ ትምህርት በምንከተለው በእኛ ዘንድ የውሻ ገላ ንጹሕ ነው። ራስሽን አታድክሚ" አሏት።

ሬሕማ አንገቷን ደፋ አድርጋ፣ "አላህ ኸይር ጀዛዎን ይክፈልዎ ሼኽ ኢሳ። ለእናንተ አግርቶላችኋል፤ እኔ ግን አባቴ ያስያዘኝን ነው የምይዝ" አለች። ሽማግሌው ፈገግ ብለው ሄዱ። የመጥረጊያውን እንጨት ያነሣችው ያን ቀን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በእሷና በአንተር መካከል ሁልጊዜ አንድ የመጥረጊያ እንጨት ርቀት ይኑር፣ በቃ። እንጨቱን መሬት ላይ ታጋድመዋለች፤ እሷ ወዲህ፣ እሱ ወዲያ። እንጨቱን ሲያልፍ ጀርባዋን ሰጥታው ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ አታየውም፣ አትናገረውም። ሲመለስ ከሱዳኖች ስስ እንጀራ ከኪስራ ቁራሽ፣ ከተገኘም የሥጋ ጅማት ትወረውርለታለች። በእንጨቱ አንድ ቀን መትታው አታውቅም። "ዱላ አይደለም፣ ድንበር ነው" ትለኛለች። በቀን አሥር ጊዜ፣ አንዳንዴም ሃያ ጊዜ። ሽንቱንም እንዲሁ አስተማረችው፤ ከእንቅልፉ እንደነቃ፣ እንደበላ፣ እንጨቷን ይዛ ከፊቱ ትሄዳለች፤ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ጀርባ ሲሸና "ማሻአላህ፣ የኔ አንበሳ" ትለዋለች። በሦስት ሳምንት ምንጣፉ ዳነ። እንጨቷንም ከዚያ ወዲያ ከእጇ አልለየችውም።

እኔ ግን አላመንኩበትም። የወገራ ሰው ስለ ውሻ የሚያስተምረው አያስፈልገውም ባይ ነኝ። እኛ ዘንድ ውሻ ኃይለኛ እንዲሆን ጨለማ ቤት ይዘጋበታል፣ ሥጋ በሚጥሚጣ ይበላል፣ ቀን ይታሰርና ማታ ይለቀቃል። ግንቡ ላይ ተደግፌ፣ "ሬሕማ፣ ይህ እኮ ዘበኛ አይደለም፣ ሙሽራ ነው የምታሳድጊው። ሌባው ሲመጣ እንጨት አጋድሚለት" እላታለሁ። እሷም፣ "አብሽር ወልዴ፣ አንተ ባዶ ቤትህን ጠብቅ" ትለኛለች። ንግግሯ ያቃጥለኝ ነበር።

አንድ ሐሙስ ሬሕማ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ወርዳ ሳለ ያሰብኩትን አደረግኩ። ቡችላውን ከበሩ ጠርቼ ወደ እኔ ግቢ ወሰድኩት፣ ዕቃ ቤት ዘጋሁበት፣ ሥጋ በሚጥሚጣ ለውሼ ሰጠሁት። ምስኪን፣ አምኖኝ ዋጠው። ከዚያ የሆነውን ማውራት ያሳፍረኛል። አስታወከ፣ አስቀመጠው፣ አፉን በመዳፉ እያሻሸ ዕቃ ቤቱ ጥግ ተወሽቆ ተንቀጠቀጠ። ሬሕማ ስትመለስ ሁሉንም በአንድ እይታ ተረዳችው። አልጮኸችብኝም። "ወልደሥላሴ" አለችኝ፣ በሙሉ ስሜ። "አላህ አንድ ቀን ስለዚህ ይጠይቅሃል።" ከዚያ ወተት ልታመጣለት ሄደች። አንተር ሦስት ቀን እኔን ሲያይ ከኒሙ ጀርባ ይደበቅ ነበር፤ እሷ ሦስት ሳምንት አላናገረችኝም። ሰው ሲቆጣኝ እኔም መቆጣት ጠባዬ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አውቄው ነበር።

ያስታረቀን መዥገር ነው። አንተር ጆሮው ውስጥና ብብቱ ሥር መዥገር ወረረው፤ ሬሕማ ደግሞ ልትነካው አትችልም። አንድ ጠዋት ራሷ ግንቡ ሥር መጥታ፣ "ወልዴ፣ እጅህን እፈልገዋለሁ" አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ ሕግ፣ እኔ እጅ ሆንን። እኔ መዥገሩን እነቅላለሁ፣ እሷ በእንጨቷ ርቀት ተቀምጣ "ከጆሮው ጀርባ አንድ ቀርቷል፣ ከታች፣ እሱን አይደለም" ትለኛለች። በቱቦ የማጥበው እኔ፣ የእብድ ውሻ ክትባት ያስከተብኩት እኔ። አንተርም ይቅር አለኝ፤ ሲያየኝ ደረቴ ላይ ዘሎ ፊቴን ይልሰኝ ጀመር። እኔን የሚያጥበኝ ሕግ ስለሌለ እስክጠግብ አስልሰዋለሁ። እሷ ከወዲያ ማዶ ሆና ታየናለች።

በዚያ ሰፈር ፍየል እንደ ልቡ ነው። በሩ ገርበብ ካለ ገብተው ሬሕማ የተከለችውን ጂርጂር ሰላጣ ይግጣሉ፣ የተሰጣውን ልብስ ያኝካሉ። ፍየል ቢነከስ ደግሞ ከጎረቤት ጋር ጠብ ነው። ስለዚህ "ማስወጣት እንጂ መንከስ የለም" አለች። እንጨቷን ይዛ ከፍየሏ ፊት ትቆማለች፣ አንተር በትይዩዋ፤ አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ፣ ፍየሏ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ ከበሩ ውጭ። በወሩ እንጨቱም እሷም አላስፈለጉም። አንተር ያንኑ ርቀት ጠብቆ፣ ጥርሱን አሳይቶ፣ ፍየሏ ግራ ስትል ግራ፣ ቀኝ ስትል ቀኝ እያለ፣ አንዲት ፀጉሯን ሳይነካ እስከ መንገድ ያደርሳታል። እኔ የወገራው ሰው ይህን ሳይ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ለሰውም ሕግ አወጣችለት። እንግዳ ሲመጣ በሩን ትከፍትና በእንጨቷ የሲሚንቶውን ንጣፍ ሁለት ጊዜ ትመታለች፤ ኳ፣ ኳ። ይግባ፣ የእኛ ሰው ነው ማለት ነው። ኳ ኳ ካልተሰማ ማንም አያልፍም። እኔ ራሴ በቀን ሦስት ጊዜ የምገባው ኳ ኳ እየተባለልኝ ነው።

የካቲት መጨረሻ ላይ ያ ሶባ የሚኖረው የባሽ ሙሐንዲስ አጎት ልጅ፣ ተውፊቅ የሚባለው፣ በፒካፕ ሽንኩርት ይዞ መጣ። አንተርን ከላይ እስከ ታች አየውና፣ "ጥሩ ነው፣ ቁመና አለው" አለ። "የበፊቱ ባለፈው በጋ ሰንሰለቱ ላይ እንዳለ በሙቀት ሞተብን።" ስለ ተሰበረ ባልዲ የሚያወራ ይመስል ነበር። ሬሕማ የሽንኩርቱን ጆንያ ከእጇ ለቀቀችው፤ ሽንኩርቱ ግቢውን ሞላው። ፒካፑ ሲሄድ ግንቡ ሥር መጣች።

"ወልዴ፣ አረፋ ስንት ቀን ቀረው?"

"አንድ ወር የሚሆን ነው።"

"ኧረ ምነው ቸኮለ" አለች። ምኗ እንደተለወጠ ያን ጊዜ ገባኝ።

ባሽ ሙሐንዲስ አረፋ ሳምንት ሲቀረው ሐሙስ ደረሰ። ፈተናው ዓርብ ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ሆነ፤ ሌባው ደግሞ እኔ። "አንተ ወልዴ፣ ወታደር ነበርክ አይደል" አለኝ። "በግንቡ ዝለልና ወደ ቤቱ በር ሂድ። እጅጌህን በጥርሱ ከያዘ ይቆያል። ጭራውን ቆልቶ ከላሰህ ግን ተውፊቅ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ይመጣል። ሬሕማ ወጥ ቤት ትሁን፤ ድምፅ ካሰማች ፈተናው ፈርሷል።"

አንተር ደረቴ ላይ ሳይዘል ውሎ የማያውቅ ወዳጄ ነው፤ እንዴት አድርጎ ይነክሰኛል? ዓርብ ማልጄ ግንቡ ላይ ለሬሕማ አንሾካሾክኩላት። "ስዘል እረግጠዋለሁ፣ ያን ጊዜ ይነክሰኛል። ካፖርት እደርባለሁ፣ ምንም አልሆን።"

ዓይኗ እንባ ሞላ። "የለም ወልዴ" አለች። "አንድ ጊዜ አምኖህ አቃጠልከው። ሁለተኛ አይደረግም። የሚያውቀውን ያድርግ፤ የቀረው የአላህ ነው።"

አምስት ሰዓት ሲሆን በዚያ በመጋቢት ፀሐይ ሁለት ጃላቢያ ላይ የወታደር ካፖርቴን ደርቤ፣ ግራ ክንዴን በጆንያ ጠቅልዬ ግንቡ ላይ ወጣሁ። ባሽ ሙሐንዲስና ሲት ሉጥፊያ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ዘለልኩ። አንተር ከኒሙ ሥር ብድግ አለ፣ አንዴ ጮኸ፣ አቧራውን እያቦነነ መጣብኝ። ግማሽ መንገድ ላይ ጠረኔ ደረሰው መሰለኝ ጭራው ተወዛወዘ። ባሽ ሙሐንዲስ ራሱን ነቀነቀ። "ሶባ" አለ በቀስታ፤ ሰማሁት።

አንተር ግን ቆመ። ልክ አንድ የመጥረጊያ እንጨት በሚያህል ርቀት ላይ ቆመ። ጆሮውን ወደ ወጥ ቤቱ አዞረ። ኳ ኳውን እየጠበቀ ነው። እኔም ልማድ ሆኖብኝ እየጠበቅኩ ነው። ከወጥ ቤቱ ድምፅ የለም፤ መስኮቱ ላይ የሬሕማ ነጭ ሻሽ ብቻ ይታያል። እኔን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ እንደገና እኔን አየ። ጭራው መወዛወዙን ተወ። ከዚያ ከንፈሩ ቀስ ብሎ ተነሣና ለፍየሎቹ የሚያሳየውን ጥርስ አሳየኝ።

ወደ ቤቱ አንድ እርምጃ ሄድኩ፤ አንተር ከፊቴ ተገተረ። ግራ አልኩ፣ ግራ አለ። ቀኝ አልኩ፣ ቀኝ አለ። "አንተር፣ እኔ እኮ ነኝ" አልኩት በለሆሳስ። እኔ መሆኔንማ ያውቃል፤ የጠላው አገባቤን ነው። አንድ እርምጃ ወደ እኔ ሲመጣ እግሬ ሳያማክረኝ ወደ ኋላ ሄደ። ሌላ እርምጃ መጣ። ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ፤ እንደ ፍየል እየነዳኝ ነው። ኒሙን አለፍን፣ ጂርጂሩን አለፍን፣ ገርበብ ያለውን የብረት በር በጀርባዬ ገፍቼ መንገድ ላይ ወጣሁ። አንተር መግቢያው ላይ ቁጭ አለ። ከልብሴ አንዲት ክር አልነካም። ከደስታዬ ብዛት ላቅፈው ፈልጌ ነበር፣ ግን አላስጠጋኝም።

ሲት ሉጥፊያ በሳቅ ፈረሰች። ባሽ ሙሐንዲስ ግን አልሳቀም። "አልነከሰም እኮ" አለ። "ወልዴ ስለፈራ ነው የወጣው። እውነተኛ ሌባ ገፍቶት ይገባል።"

"እንግዲያው ገፍተኸው ግባ" አለችው ሚስቱ። "አይነክስም ብለህ የለ?"

ኩሩ ሰው ነው፤ ተነሣ። ካፖርቴን ለበሰ፣ ጆንያውን ጠቀለለ፣ በእኔ ግቢ በኩል ዞሮ ጀርባዬ ላይ ቆሞ ግንቡን ወጣ። ወፍራም ነው፤ እስካሁን ወገቤን ሲያመኝ አስታውሰዋለሁ። ሲዘል አንድ ሸበጡ ወልቆ በሩ አጠገብ ወደቀ። ሳይመለከተው ቀጥ ብሎ ወደ በረንዳው ገሰገሰ። አንተር መጣ፣ ቆመ፣ ወደ ወጥ ቤቱ አዳመጠ። ድምፅ የለም።

"ኢምሺ ያ ከልብ"፣ ሂድ አንተ ውሻ ብሎ ባሽ ሙሐንዲስ በጆንያው ክንድ ሊገፋው ሰነዘረ። አንተር ወደ ጎን ተስፈንጥሮ ተመልሶ ፊቱ ቆመ፤ አሁን ከሆዱ ውስጥ የሚመጣ ድምፅ ጨመረበት። ባሽ ሙሐንዲስ ሁለት እርምጃ ወደፊት ሄደ፣ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰ። እንደገና ሞከረ። በዚህ መካከል ሼኽ ኢሳ ለጁምዓ ቀደም ብለው ሲያልፉ ዚሩ አጠገብ ቆመው ማየት ጀመሩ። የጎዳናው ሰው ተሰበሰበ። ባሽ ሙሐንዲስ አብዱልወሃብ፣ በወደቡ ስንት ሰው የሚያዝዝ ሰው፣ በአንድ እግሩ ሸበጥ በአንዱ ባዶውን፣ ወደ ኋላ እየሄደ ከገዛ ቤቱ ወጣ።

መንገድ ላይ ቆሞ አላበው። ፊቱን ማየት ፈራሁ። አሁን ቢቆጣ አንተር አለቀለት፤ በሰው ፊት የተዋረደ ሰው ደግሞ መቆጣት ይቀናዋል። ሸበጡ ከበሩ ወዲያ ወድቋል፣ አንተር አጠገቡ ተቀምጧል። ባሽ ሙሐንዲስ እግሩን ወደ ሸበጡ ዘረጋ፤ አንተር ጥርሱን አሳየው። እግሩን ሰበሰበ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ያለቀሰ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየሳቀ ነው። ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ ሼኽ ኢሳ ሳቁ፣ ጎዳናው ሁሉ ሳቀ።

"ሬሕማ፣ ኧረ አስገቢኝ" አለ በመጨረሻ።

"ባሽ ሙሐንዲስ፣ ድምፅ ካሰማሁ ፈተናው ይፈርሳል ብለዋል" አለች ከወጥ ቤቱ።

"ኻላስ፣ ፈተናው አልቋል፤ አልፏል። ተውፊቅ ሰንሰለቱን ለሌላ ነገር ይፈልገው።"

ኳ፣ ኳ።

አንተር ወዲያው ተነሥቶ መንገድ ለቀቀ፣ ጭራውን እየቆላ ጌታውን አስገባ፣ ከዚያ እኔ ላይ ዘሎ ከግንባሬ እስከ አገጬ ላሰኝ።

ሬሕማ ወጣች። ለጁምዓ ነጭ ልብሷን ለብሳለች፤ የውሻ ቀሚሱን ረስታዋለች። ዓይኗ ማንንም አላየም። ወደ አንተር ቀጥ ብላ መጣችና እጇን ዘረጋችለት። በስድስት ወር ውስጥ እጇ ወደ እሱ ሲዘረጋ አይቼ አላውቅም።

አንተር እጇን አየ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ልክ የእንጨቱን ርቀት ለካና ቁጭ አለ። እሷ አንድ እርምጃ ተጠጋች፤ እሱ አንድ እርምጃ ራቀ። ጆሮውን አቁሞ፣ ሕጉን ጠብቄያለሁ፣ ቁራሹን ወርውሪልኝ የሚል መስሎ ያያታል።

"ወልዴ፣ ሸሸኝ" አለች። ፊቷ ተለዋወጠ።

"አልሸሸሽም" አልኳት። "ያስተማርሽውን ነው።"

ያን ጊዜ ቀኝ እጇን አየች። እንጨቱ አሁንም በእጇ ነው። እንደ እንግዳ ነገር ቆማ አየችው፣ ከዚያ ለእኔ አቀበለችኝ። ከኒሙ ሥር በነጭ ልብሷ አቧራው ላይ ተቀመጠች። በመዳፏ መሬቱን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገች።

አንተር ተነሣ። እኔ እጅ ያለውን እንጨት አየ፣ እሷን አየ። እንደገና ሁለት ጊዜ መታች። ሆዱን መሬት ለመሬት እያስነካ፣ እንጨቱ ይጋደምበት የነበረውን ቦታ እያሸተተ መጣ፣ አለፈው፣ ራሱን ጭኗ ላይ አኖረ። እጇን በሁለቱ ጆሮዎቹ መካከል አደረገች። ትስቃለች፣ እንባዋም ይወርዳል።

"ለካ እንዲህ ይሞቃል" አለች።

አዛን ሲጀምር ሰማሁ። "ሬሕማ፣ ጁምዓ ደረሰ" አልኳት። "ውሃና አፈር ላምጣልሽ?"

"ታመጣልኛለህ" አለች፣ እጇን ሳታነሣ። "ሰባት ጊዜ እታጠባለሁ። ትንሽ ቆይ ብቻ።"

እንጨቱን ይዤ ቆየሁላት።